ይድረስ ለጋሼ ክሮን፣ ባሉበት ሰርቨር

ጉዳዩ፦ ያለቦታው ስለመናገርና ያለቦታው ዝም ስለማለት

ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። ሰርቨር ላይ ሥራዎችን በየሰዓታቸው የሚያስነሱ፣ በፈረንጆቹ 1979 በወጣው የዩኒክስ ኦፐሬቲንግ ሲስተም ሰባተኛ እትም ውስጥ የነበሩ አንጋፋ ፕሮግራም ነዎት፣ አከብርዎታለሁ። ግን እንዲያው በሞቴ፣ «ሲንክ ተጠናቋል» የሚል ኢሜይል በየአምስት ደቂቃው ለምን ይልኩልኛል? ሌሊትም፣ እሁድም፣ በፋሲካም!

ነገርዎ ገብቶኛል። የሚያስነሱት ስክሪፕት (የትእዛዝ ፋይል) አንዲት መስመር ከተነፈሰ ኢሜይል፣ ምንም ካልተነፈሰ ዝም። ሥራው ይሳካ ይውደቅ፣ ሲያበቃ የሚተወው ቁጥር፣ ኤግዚት ኮዱ፣ ዜሮ (ተሳካ) ይሁን አንድ (ወደቀ)፣ እርስዎን አያገባዎትም። ድምፅ ሳያሰማ የወደቀ ባክአፕ በእርስዎ ቤት በሰላም አድሯል።

ሰዉስ ምን ያድርግ? ሲሰለቸው ሜይልቱን፣ ማለትም ኢሜይል የሚልኩበትን አድራሻ፣ ባዶ ያደርጋል፣ ወይ ውጤቱንም ስህተቱንም ጠቅልሎ ዴቭ ነል የሚባለው የገባበት ሁሉ የሚጠፋበት ጉድጓድ ውስጥ ይደፋና እፎይ ብሎ ይተኛል። አድራሻ ጭራሽ ያልሰጠዎትም አለ። ያኔ እዚያው ሰርቨሩ ላይ ለሥራው ባለቤት፣ ብዙ ጊዜም ለሩት (ለሰርቨሩ ዋና አስተዳዳሪ አካውንት) ይጽፋሉ፣ የሩትን ፖስታ ደግሞ ማን ይከፍታል?

የኮድ ማስቀመጫ ድረ ገጹን የጊትላብን ነገር መቼም አይረሱትም። ጃንዋሪ 31 ቀን 2017 አንድ ኢንጂነር በስህተት የዋናውን ዳታቤዝ ፋይሎች ያጠፋል። ባክአፕ ይምጣ ሲባል ማስቀመጫው ባዶ! ለካ ዳታቤዙ ፖስትግሬስ 9.6 ሆኖ ሳለ ባክአፑን የሚወስደው ፒጂ ደምፕ 9.2 ስለነበር፣ ስሪታቸው ሳይገጥም ሥራው ሲወድቅ ኖሯል። እርስዎ ኢሜይል ልከው ነበር፣ እሱን አልክድም፤ ብቻ ኢሜይሎቹ የላኪውን እውነተኛነት የሚፈትሸውን የዲማርክን ማጣሪያ ስላላለፉ ተቀባዩ ሰርቨር ከበር መለሳቸው። የስድስት ሰዓት ገደማ ዳታ ውሃ በላው።

ስለዚህ ከዛሬ ጀምሮ ብቻዎን አላምንዎትም። ክሮኒክ የሚባለውን ትንሽ ፕሮግራም ከፊትዎ አቁሜያለሁ፤ ሥራው ከተሳካ አፍ ያስይዛል፣ ከወደቀ ሁሉንም ይዘረግፋል። ባክአፑ ደግሞ ፋይሉ ባዶ አለመሆኑን አይቶ ሲጨርስ ብቻ ውጭ ላለ ሌላ ሰርቨር «አለሁ» ይላል። እስከ ሌሊቱ 10 ሰዓት «አለሁ» ካልተባለ ያኛው ሰርቨር በቴሌግራም ይጮህብኛል። መብራት ጠፍቶ እርስዎ ራስዎ ቢሞቱ እንኳ ይሰማል፤ ሟች የራሱን መርዶ ያርዳ አይባልማ።

እንግዲህ አይቀየሙኝ።

ከሰላምታ ጋር

ግልባጭ፦
ለስፓም ፎልደር
ለሩት (ካነበቡት)