መርፌው ዓይኔ እያየ ይከፈት

ባለፈው ጥቅምት ታናሽ እህቴ ቅንድቧን ልትነቀስ ስትሄድ አጅቤያት አንድ የውበት ሳሎን ገባሁ። የቤቱን ስም አልጠራም። ወለሉ ይፈካል፤ መስተዋቱ ላይ የጣት አሻራ የለም፤ ገና ሳንቀመጥ ቡና ቀረበልን። ትንሽ ቆይታ ባለሙያዋ ነጭ ፎጣ የለበሰ ትሪ ይዛ መጣች። ትሪው ላይ ምላጩ አስቀድሞ የተሰካበት እጀታ፣ ጎኑ ደግሞ ከግማሽ በታች የደረሰ የቀለም ጠርሙስ አለ። ጠጋ ብዬ ሳይ ምላጩ በሚሰካበት ስንጥቅ ጠርዝ ላይ ቡናማ ነገር ደርቋል። ቀለም ይሁን ደም መለየት አልቻልኩም።

«ምላጩ አዲስ ነው?» አልኳት።

«አዎ፣ በአልኮል አጽድቼዋለሁ» አለችኝ።

አዲስ ከሆነ ምኑ ይጸዳል? እህቴ በክርኗ ጎሰመችኝ። ተነሥተን ወጣን፤ ቤት እስክንደርስ አላናገረችኝም።

አልፈርድባትም። ይሉኝታ ይዟት ነው። ሰው ቤት ሄደን የቀረበልንን ብርጭቆ አገላብጠን አናይም፤ ቡና የጋበዘችንን ሴት «መርፌሽን አሳዪኝ» ማለትም ስድብ ይመስለናል። እኔ ግን አዲስ አበባ ውስጥ ታቱ ለሚነቀስ ወጣት ከቆሻሻ መርፌ ቀጥሎ የምፈራለት ይህንኑ ይሉኝታ ነው። ቤቱን የምንመርጠው በቲክቶክ ባየነው ሥራና በዋጋው ነው። ፎቶው ደግሞ የባለሙያውን እጅ እንጂ የመርፌውን ንጽሕና አያሳይም።

የቅንድቡን ነገር ያነሣሁት በምክንያት ነው። «ታቱ አልነቀስም» የምትል ሴት ማይክሮብሌዲንግ፣ ማለትም ቅንድቧን በምላጭ ስትሠራ እንደ ኩል ትቆጥረዋለች። ምላጩ ግን ቆዳዋን ሰንጥቆ ቀለም ያስገባል፤ ደም ይወጣል። ንቅሳት ማለት ይኸው ነው። ንቅሳት ቤት ስንሄድ ቢያንስ ትንሽ እንጠነቀቃለን፤ ሳሎን ስንገባ ጥርጣሬያችንን በር ላይ እንተወዋለን።

የእኔ ትውልድ «ምላጭና መርፌ በጋራ አትጠቀሙ» የሚለውን የኤችአይቪ ትምህርት በሬዲዮም በትምህርት ቤትም እየሰማ ነው ያደገው። ትምህርቱ ብዙ ሕይወት አትርፏል። ከእርሱ ጋር ግን አንድ ልማድ ተረፈን። ፀጉር አስተካካዩ ማሽኑ ላይ አልኮል ረጭቶ ላይተር ሲለኩስበት፣ እሳቱ ቦግ ሲል ልባችን ይረጋጋል። ያ እሳት የሚነደው ለጥቂት ሰከንድ ነው፤ የሚቃጠለውም በአብዛኛው አልኮሉ ራሱ ነው። የኤችአይቪ ቫይረስ ከሰውነት ውጭ ቶሎ ይዳከማል። የጉበት ቫይረስ የሆነው ሄፓታይተስ ቢ ግን በደረቀ ደም ውስጥ፣ ደሙ ለዓይን ባይታይም እንኳ፣ ቢያንስ 7 ቀን ሕይወት ይኖረዋል። ሰኞ ሌላ ሰው የተነቀሰበት መርፌ ቅዳሜ ለእርስዎ ቢመጣ ቫይረሱ ገና አልሞተም ማለት ነው።

ይህን የጉበት በሽታ ሕዝባችን «የወፍ በሽታ» ይለዋል፤ ብዙ ሰው ከሌሊት ወፍ ጋር ስለሚያያይዘው ወደ መርፌ የሚያስብ የለም። አዋቂ ሆኖ የተያዘ ሰው አብዛኛውን ጊዜ በራሱ ይድናል። ሥር የሰደደበት ሰው ግን ምንም ሳይሰማው ለዓመታት ቆይቶ ጉበቱ ሊጠጥር፣ ወደ ካንሰርም ሊሄድ ይችላል። ሄፓታይተስ ሲ ዛሬ በኪኒን ይድናል፤ ክትባት ግን የለውም። የቢ ክትባት አለ፤ በአገራችን የሕፃናት መደበኛ ክትባት ውስጥ የገባው ግን በ1999 ዓ.ም. ነው። ዛሬ ንቅሳት ቤት የሚሰለፉት አብዛኞቹ ወጣቶች ከዚያ በፊት የተወለዱ ናቸው። በራሳቸው ሄደው ካልተከተቡ በቀር መከላከያ የላቸውም።

መሣሪያን ከጀርም ነጻ የሚያደርገው ኦቶክሌቭ ነው፤ አሠራሩ እንደ ፕሬዠር ኩከር ነው። እንፋሎቱ በግፊት 121 ዲግሪ ይደርስና እዚያው ለ15 ደቂቃና ከዚያ በላይ ይቆያል። በየሳሎኑ የምናያት ሰማያዊ መብራት ያላት ሳጥን ይህን አትሠራም፤ ብርሃኑ ያላረፈበት ስንጥቅ እንደነበረ ይቀራል። በረኪናም ለጠረጴዛና ለወለል እንጂ ቆዳ ለሚወጋ ነገር አይደለም። እውነቱን ለመናገር መርፌና ምላጭን መቀቀልም ሆነ ማጽዳት አያስፈልግም፤ አንድ ሰው ላይ ውለው ስለታም ነገር መጣያ ሣጥን ውስጥ መግባት አለባቸው። ኦቶክሌቭ የሚያስፈልገው ተመልሶ ለሚሠራበት እጀታ ነው።

ስለ ቀለሙ የሚጠይቅ ደግሞ ከዚህም ያነሰ ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 በአሜሪካ ኒውዮርክ ግዛት፣ ሮቸስተር ከተማ፣ በአንድ ባለሙያ እጅ የተነቀሱ 19 ሰዎች ቆዳቸው በሽፍታ ተነፋ። ሲመረመር ጥፋቱ የመርፌው አልነበረም። ግራጫው ቀለም ከፋብሪካው ሲወጣ ጀምሮ በውሃ ውስጥ በሚኖር ባክቴሪያ ተበክሎ ነበር። የታሸገ ቀለም ይህን ካደረገ፣ እዚህ ቀለም አልቆ ሲወፍር ከቧንቧ ውሃ ጠብ የሚያደርግበት ባለሙያ ምን እያደረገ እንደሆነ አስቡት። ቀለም ለእያንዳንዱ ሰው በትንሽ ኩባያ ይቀዳል፤ የተረፈው ይደፋል እንጂ ወደ ጠርሙሱ አይመለስም።

እናቴ አንገቷ ላይ ንቅሳት አላት፤ ድዷንም ተነቅሳለች። ጥላሸት ተበጥብጦ፣ በአንድ መርፌ፣ ከእህቶቿ ጋር ተራ ይዛ። ያኔ ይህን የሚነግራቸው አልነበረም። ዛሬ ግን ልጅ ታቱ ልነቀስ ሲል ቤት ውስጥ የሚነሣው ክርክር ሁሉ «ኃጢአት ነው፣ አይደለም» የሚለው ነው፤ ኦሪት ዘሌዋውያን ይጠቀሳል፣ ይለቀሳል። ልጁ በመጨረሻ ተደብቆ ጓደኛው ቤት፣ መኝታ ክፍል ውስጥ፣ በኦንላይን በተገዛ ማሽን ይነቀሳል። ያ ክፍል ውስጥ እጅ መታጠቢያ እንኳ የለም። ወላጆችን የምለምነው ይህን ነው፤ ሐሳቡን ባትወዱትም «የት ነው የምትነቀሰው?» ብላችሁ ጠይቁ።

ተነቃሹም ይጠይቅ። ባለሙያው እጁን ታጥቦ ፊታችሁ አዲስ ጓንት ያድርግ፤ መካከል ላይ ስልክ ካነሣ ጓንቱን ይቀይር። የመርፌው ማሸጊያ ዓይናችሁ እያየ ይቀደድ፤ የአገልግሎት ጊዜውንም አንብቡ። ፈቃድ ግድግዳው ላይ መሰቀሉ ይህን አይተካም። የጆሮ ቀዳዳችሁ ወይም አሮጌ ቁስላችሁ አብጦ የቀረ ከሆነ ደግሞ ኬሎይድ፣ ማለትም ከቁስሉ አልፎ የሚያብጥ ጠባሳ ሊሆን ስለሚችል ንቅሳቱን ሁለቴ አስቡበት። ከተነቀሳችሁ በኋላ ትኩሳት ከመጣ፣ መግል ከያዘ፣ ቅላቱ እየሰፋ ከሄደ ጤና ጣቢያ ሂዱ፤ ቅቤና የቡና ዱቄት አታድርጉበት።

እህቴ የተወለደችው በ1995 ነው። ካኩረፈች ከሦስት ቀን በኋላ ሄደን ተመረመረች፤ ነጻ ሆነች፣ የመጀመሪያውን ክትባት በዚያው ቀን ወሰደች። ሁለተኛውን ኅዳር ላይ ተወጋች። ሦስተኛው ሚያዝያ ላይ ነው፤ ቅንድቧን ከዚያ በኋላ ትሠራለች። ቤቱን አብረን ነው የምንመርጠው፤ መርፌው እንዲከፈትላት ግን ራሴ እጠይቃለሁ ብላኛለች።