ብሎን ማጥበቅ ፋብሪካ አይባልም

ሰሞኑን ደብረ ብርሃን ላይ በተደረገ ውይይት አንድ የሥራ ኃላፊ «ቻይና በርካሽ ጉልበት የምታመርተውን ባትሪ እናምርት ማለት ቅዠት ነው፤ ገጣጥመን ከሸጥን ይበቃናል» ሲሉ ተደመጡ። ተጨበጨበላቸውም።

ርካሽ ጉልበት? የቻይና ሠራተኛ ደመወዝ እኮ የእኛን የኢንዱስትሪ ፓርክ ሠራተኛ ደመወዝ ብዙ እጥፍ ነው። ነገሩ በጉልበት ዋጋ ቢሆን ይኼኔ የቻይናዋ የኢንዱስትሪ ከተማ ሼንዘን ባትሪ የምትሸምተው ከደብረ ብርሃን ነበር።

የቻይና መንግሥት የሠራው ገበያው በር ላይ መቆም ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 የነፋስ ተርባይን የሚተከለው 70 በመቶው አገር ውስጥ ከተመረተ ብቻ ነው አለ፤ ደንቡን ያነሳው በ2009፣ የራሱ ፋብሪካዎች እግር ካወጡ በኋላ ነው። በ2015 ደግሞ የጸደቁ ባትሪ አምራቾችን ዝርዝር ማውጣት ጀመረ፤ የኤሌክትሪክ መኪና ድጎማውንም ዝርዝሩ ውስጥ ካለ አምራች ባትሪ ለገጠመ ብቻ አደረገው። የደቡብ ኮሪያዎቹ ኤልጂና ሳምሰንግ እዚያው ቻይና ውስጥ ፋብሪካ ከፍተው ሳለ ዝርዝሩ ውስጥ አልገቡም። በ2019 ዝርዝሩ ሲቀር የቻይናው ባትሪ አምራች ሲኤቲኤል የዓለም አንደኛ ሆኖ ነበር።

እኛስ? ተበትኖ ለሚገባ የኤሌክትሪክ መኪና ቀረጥ 0፣ በከፊል ለተገጣጠመ 5፣ አልቆ ለሚገባ 15 በመቶ። ይሁን። 0 ያገኘው ባለሀብት ግን በሁለተኛው ዓመት ምን ይጨምር? የቀረጥ ሰንጠረዡ አይጠይቀውም። መንዝ ውስጥ የተሸመነ ባና ገዝቶ ዘርፉን የቋጠረ ሰው ሸማኔ ነኝ ቢል ይሳቅበታል፤ እዚህ ግን ሪባን ይቆረጥለታል።

መዘዙ የሚታየው ጥቅምት ላይ ውርጩ ሲወርድ ነው። በብዙ የኤሌክትሪክ ተሽከርካሪዎች ላይ የሚገጠመው የሊቲየም ብረት ፎስፌት ባትሪ ከ0 ዲግሪ በታች ከቀዘቀዘ ኃይል ይሰጣል እንጂ መሞላት የለበትም። ያኔ ሲሞላ ሊቲየሙ ግራፋይቱ (ሊቲየሙን የሚያስቀምጠው የባትሪው ካርቦን ክፍል) ውስጥ መግባት ትቶ ላዩ ላይ ይለበዳል፤ አቅሙ ይወርዳል፣ ሲብስም ውስጥ ለውስጥ ሾርት ያደርጋል። የኤሌክትሪክ ባጃጁን ደጅ አሳድሮ ንጋት ላይ ቻርጅ የሚሰካ ሹፌር ይህን በምን ያውቃል? መድኃኒቱ ሴሎቹ (ተደርድረው ባትሪውን የሚሠሩት ትንንሽ ክፍሎች) መሃል የሚለጠፍ የሙቀት ሴንሰርና በብርድ መሙላትን የሚቆርጥ መቆጣጠሪያ ቦርድ ነው። ለቆላ አገር ታስቦ የታሸገ ባትሪ ይህ ከሌለው ገጣጣሚው ሊጨምርበት አይችልም፤ ሳጥኑን ከከፈተ ዋስትናው ይሰረዝበታላ!

«የዓለም ንግድ ድርጅት አይፈቅድም» የሚሉም አሉ። ህንድ በፀሐይ ፓነል ላይ የአገር ውስጥ ምርት ግዴታ ጥላ በ2016 ተረትታለች፤ እውነት ነው። ፕሮግራሙን የጀመረችው ግን በ2010 ነው። ስድስት ዓመት ፋብሪካ ለማቆም ትንሽ ይሆን?

ሴሉን እዚህ እንሥራ ያለ የለም። በመጀመሪያው ዓመት ሳጥኑና ሽቦው እዚህ ይሠራ። በሁለተኛው ሴሎቹ በአቅምና በውስጥ ሬዚስታንስ (የኤሌክትሪክ ፍሰትን የመቃወም መጠን) እዚሁ ተለክተው ይመደቡ፤ 72 ቮልት የሚባለው ባትሪ በተለምዶ 24 ሴል በተርታ ነው፣ አንዱ ደካማ ከሆነ 3.65 ቮልት ላይ ቀድሞ ደርሶ የ23ቱን መሙላት ያስቆማል፣ ሹፌሩም «ባትሪው ሞተ» ይላል። በሦስተኛው ዓመት መቆጣጠሪያ ቦርዱ ይከተል፣ ከነሴንሰሩ። ይህን ያላደረገ ቀረጡ ከ0 ወደ 15 በመቶ ይውጣበት።