ማስተካከያ፦ በስቶፕዎች (በእጅ በሚጫን ሰዓት መያዣ) የተያዘ የሩጫ ሰዓት አጻጻፍ

በደሴና በኮምቦልቻ የትምህርት ቤት ስፖርት ዜና ለሚጽፉ ተማሪዎች በስፋት የተጋራው መመሪያ «ስቶፕዎቹ ያሳየውን እንዳለ ጻፉ» ይላል። ይህ ስህተት ነው። በዓለም አትሌቲክስ የቴክኒክ ደንብ መሠረት፣ በመም ውድድር በእጅ የተያዘ ሰዓት ወደሚቀጥለው የሰከንድ አሥረኛ ከፍ ተደርጎ ይመዘገባል። 11.32 ካሳየ 11.4 ተብሎ ይጻፋል፤ 11.3 የሚባለው ልክ 11.30 ሲሆን ብቻ ነው። ሦስት ሰዓት ያዦች የተለያየ ውጤት ከያዙ መካከለኛው ይወሰዳል።

ከነጥብ በኋላ ሁለት አኃዝ ያየ አንባቢ በኤሌክትሮኒክስ የተለካ ይመስለዋል። የያዡ ጣት ከመነሻው ምልክት ስለሚዘገይ በእጅ የተያዘው ሰዓት አብዛኛውን ጊዜ ያጥራል፤ ሁለቱን እኩል አድርጎ ማወዳደር በኤሌክትሮኒክስ የተለካውን ልጅ ይበድላል። በመመሪያው የተጻፉ ውጤቶች ይታረሙ፤ «በእጅ የተያዘ» የሚልም ይጨመርባቸው። ሯጮቹ የገቡበት ቅደም ተከተል ግን የዳኞች ውሳኔ ስለሆነ አይነካም።