«ቦርሳሽን ክፈቺ»

ከቃሊቲ ወዲያ ባለው ግቢያችን የክርክር ክበቡ በየወሩ አንድ ርዕስ እያወጣ ግድግዳ ላይ ይለጥፋል። የዚህ ወር ርዕስ የተወሰደው ከዋሽንግተን ነው፦ የፌዴራል መንግሥት የከተማ ወንጀልን አስታግሳለሁ ብሎ ኃይል ሲያሰማራ፣ እዚያው ሰፈር ላለ ዩኒቨርሲቲ ይበጃል ወይስ አይበጅም? «ይበጃል» ያሉት ከበሩ ፊት ለፊት ሱቅ ያላቸው ጡረተኛ የአውቶቡስ ሾፌር ናቸው። «አይበጅም» ያለችው የአምስተኛ ዓመት የኤሌክትሪካል ተማሪ ናት። ጽሑፋቸውን እንደመጣ ለጥፈነዋል። የቆረጥነው አንድ ስድብ ብቻ ነው፤ የማን እንደሆነ አንናገርም።

ባለሱቁ

ነሐሴ 5 ቀን 2017 ፕሬዚዳንት ትራምፕ የዋሽንግተንን ፖሊስ በእጃቸው አድርገው ናሽናል ጋርድ የሚባለውን ወታደር ሲያስገቡ እዚህ የተማረው ሁሉ «አምባገነንነት!» ብሎ ጮኸ። እኔ አልጮህኩም፤ ለወንድሜ ልጅ ደወልኩ። እዚያ ከተማ ታክሲ እየነዳ ነው ቤተሰቡን የሚያስተዳድረው። «አሁን ማታ ማታ ኋላዬን ሳላይ እነዳለሁ» አለኝ። የእሱን ካላመናችሁ ከንቲባዋን እመኑ። የትራምፕ ፓርቲ ሰው አይደሉም፤ ግን ሦስት ሳምንት ሳይሞላ መኪና ነጥቆ መሄድ ካምናው ተመሳሳይ ጊዜ በ87 በመቶ መቀነሱን በአፋቸው ተናግረዋል።

ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ያለው እዚያው ነው። የኛው ዶክተር መላኩ በያን ሕክምና የተማሩበት። ከግቢው ትንሽ ወረድ ሲሉ ሐበሻ ምግብ ቤት ከፍቶ የሚውልበት ዩ ስትሪት ይገኛል። ተማሪው ማታ ወጣ ብሎ፣ ጥብሱን በልቶ በሰላም ቢመለስ የቱ ጋ ነው ጉዳቱ?

ወደኛ ልምጣ። አምና ክረምት መግቢያ ላይ፣ ከምሽቱ 1 ሰዓት ተኩል ገደማ፣ አንዲት ተማሪ ባንድ እግሯ ጫማ ሱቄ ገባች። ሞተር ላይ የተፈናጠጡ ሁለት ጎረምሶች ስልኳን ሲመነትፏት ቦርሳዋን አለቅም ብላ አስፋልት ላይ ጎትተዋታል። ክርኗ ላይ ጠጠር ተሰክቶ ነበር። የታሸገ ውኃ ከፍቼ አጠብኩላት፣ ነጠላ ጫማ ሰጠኋት፣ ሂሳብም አልጻፍኩም። ከተማው 2011 ላይ ሞተር ያገደው እኮ ለዚህ ለዚህ ነበር! አሁን ፌዴራሎቹ ማታ ማታ በዚህ መንገድ መመላለስ ከጀመሩ ወዲህ እስከ 3 ሰዓት ከፍቼ አመሻለሁ። ንጹሕ ሰው ፍተሻ አይፈራም፣ ልጄ።

ተማሪዋ

ጋሼ፣ እዚህ ወረቀት ላይ ልጅዎ አይደለሁም፣ ተከራካሪዎ ነኝ።

ከንቲባዋን ከጠቀሱ አይቀር አሟልተው ይጥቀሱ። የ87 በመቶውን ቁጥር በተናገሩበት ዕለት፣ ጭምብል ያጠለቁ የኢሚግሬሽን ሰዎች በየሰፈሩ መግባታቸው እንዳልሠራም ተናግረዋል። በዚያ ነሐሴ በሞተር ምግብ የሚያደርሱ ስደተኞች መንገድ ላይ እየተለቀሙ ነበር። የወንድምዎ ልጅ ኋላውን ማየት የተወው ወረቀቱ ሙሉ ስለሆነ ነው፤ እስቲ ወረቀት የሌለውን ጓደኛውን ይጠይቁልኝ። ደግሞም ከተማዋ ውስጥ የኃይል ወንጀል በ2024 እ.ኤ.አ. ከ30 ዓመት ወዲህ ዝቅ ወዳለው ደረጃ መውረዱን የተናገረው የፌዴራሉ ዐቃቤ ሕግ ቢሮ ራሱ ነው። ያኔ ወታደሩ ገና ሰፈሩ ውስጥ አልነበረም።

ስለ ንጹሕ ሰው ደግሞ እኔ ልንገርዎት። ኅዳር ላይ ከምሽቱ 2 ሰዓት ከላብራቶሪ ወጥቼ ወደ ተከራየሁበት ቤት ስሄድ ፒካፕ አጠገቤ ቆመ። የእጅ ባትሪ ፊቴ ላይ አበሩ። የለበሱት የማን እንደሆነ አላየሁም፤ ብርሃኑ ዓይኔ ውስጥ ነበር። «ቦርሳሽን ክፈቺ።» ቦርሳዬ ውስጥ ያለው የመመረቂያ ፕሮጀክቴ ነው፦ ሽቦ፣ ሪሌይ፣ መበየጃ፣ በፕላስተር የታሰረ ባትሪ። «ይሄ ምንድነው?» «የውኃ ፓምፕ መቆጣጠሪያ።» አንደኛው ቦርዱን አንስቶ፣ ጆሮው ላይ አስጠግቶ፣ እንደ ዕንቁላል ነቀነቀው። ሦስት ሽቦ ተነቀለ። ቀጥሎ መታወቂያ። የተማሪውን ሰጠሁት፤ መለሰልኝና «የቀበሌውን» አለ። የወጣበትን ቦታ ሁለት ጊዜ አነበበው።

ንጹሕ ነበርኩ። ፈርቻለሁም።

ሚያዝያ 1993 የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ከጠየቁት አንዱ የታጠቀ ፖሊስ ከግቢያችን ይውጣ የሚል ነበር። በዚያ ሰሞን ወደ 40 የሚጠጋ ሰው ሞቷል። ዩኒቨርሲቲ አጠገብ የፌዴራል ጣልቃ ገብነት ሲባል እኔ የሚታየኝ ያ ነው፤ ጥብስ አይደለም።

ባለሱቁ

«የማን እንደሆነ አላየሁም።» ይህን የጻፍሽው አንቺ ነሽ፣ እኔ አይደለሁም።

22 ዓመት አውቶቡስ ነድቻለሁ። ጎኔን ገጭቶ የሚያመልጥ መኪና ስንት አይቻለሁ፤ ታርጋውን ሳልይዝ ግን አንድም ቀን ከስሼ አላውቅም። በዚህ መንገድ ማታ የሚዞረው አንድ ዓይነት ሰው ነው እንዴ? የአዲስ አበባ ፖሊስ አለ፣ የኦሮሚያ ፖሊስ አለ፣ ሚሊሻ አለ፣ ፌዴራል አለ። ከአራቱ የትኛው ቦርድሽን እንደነቀነቀው ሳታውቂ፣ ርዕሱ ፌዴራል ስለሆነ ፌዴራል ላይ ለጠፍሽው። ነገ ኢንጂነር ልትሆኚ ነው፤ ፊውዙ የቱ ጋ እንደተቃጠለ ሳታዪ ቆጣሪውን ትቀይሪያለሽ?

«ጣልቃ ገብነት» ያልሽውም አይገባኝም። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 49 የአዲስ አበባ አስተዳደር ተጠሪነቱ ለፌዴራል መንግሥት ነው ይላል። ባለቤት የገዛ ቤቱ ሲገባ ጣልቃ ገባ ይባላል?

የወንድሜን ልጅ ወረቀት ምን አመጣው? ዲቪ ደርሶት የሄደ ሰው ነው። እኔ ስለ አንቺ ቤተሰብ አንድ ቃል ጻፍኩ?

1993ን ደግሞ አንቺ ከወረቀት ነው ያነበብሽው። እኔ አውቶቡሴን አራት ኪሎ አቁሜ በእግሬ ቃሊቲ የገባሁ ሰው ነኝ። አታስተምሪኝ። «ልጄ» ማለቴም ካስቀየመሽ፣ እሺ፣ እመቤቴ።

ተማሪዋ

«እመቤቴ»ን አልፈዋለሁ። የወንድምዎን ልጅ በተመለከተ ግን ይቅርታ፤ ያነሱት እርስዎ ቢሆኑም ያን ያህል መሄድ አልነበረብኝም።

«አላየሁም» ያልኩትን እንደ ሽንፈት ያዙት። ጋሼ፣ ክሴ እሱ ራሱ ነው! በማግስቱ በአቅራቢያ ያለ ጣቢያ ሄጄ ነበር። «የኛ አይደሉም» አሉኝ። ሁለተኛው ቦታ «የታርጋውን ቁጥር አምጪ» ተባልኩ። እርስዎም ያንኑ ነው ያሉኝ፤ ሦስተኛ ጣቢያዬ ሆኑ ማለት ነው። አራት ዓይነት ዩኒፎርም ባንድ መንገድ ሲመላለስ ጥፋቱ የአንዳቸውም አይሆንም። የፌዴራሉ መጨመር ሦስት የነበረውን አራት አደረገው እንጂ ምን አጠራልኝ?

አንቀጽ 49ን ካነሱ ከንዑስ አንቀጽ 3 በፊት 2ን ያንብቡ። ከተማው ራሱን በራሱ የማስተዳደር ሙሉ ሥልጣን አለው ይላል። ቤቱ ተከራይ አለው ማለት ነው፤ ባለቤትም ቢሆን አንኳኩቶ ነው የሚገባው። ነሐሴ 2014 አዲስ አበባና ኦሮሚያ ወሰናቸውን ሲስማሙ በዚህ ጫፍ ስንቱ ሰው የቱ ወረዳ ሄጄ ልክሰስ፣ የቱ ሄጄ ልካስ ሲል ነበር። ወደ ክልል የሚገባ የፌዴራል ኃይል ደግሞ የራሱ ሥርዓት አለው፣ አዋጅ ቁጥር 359/1995። መንገዱን ሲሻገሩ ሕጉ ይለወጣል፤ ፒካፑ ግን ያው ነው።

ዋሽንግተን እንኳ ቀን ነበረው። በ1973 እ.ኤ.አ. በወጣው የከተማዋ የራስ አስተዳደር ሕግ ክፍል 740 ፕሬዚዳንቱ የከተማውን ፖሊስ የሚያዝዘው ለ30 ቀን ነው። ጳጉሜን 5 አለቀ፤ እኛ በማግስቱ እንቁጣጣሽ አልን። የኛስ ስንት ቀን ነው?

አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅዎት። ያን ዕለት አውቶቡስዎን አራት ኪሎ ለምን አቆሙት? ማንን ፈርተው?

*(ዙሩ ሁለት ነበር። ሁለቱም ሦስተኛ ጽፈው አመጡ።)*

ባለሱቁ

ጳጉሜን 5 ያለቀው ወረቀቱ ነው። ከ2,000 በላይ የሆነው ወታደር መስከረምም እዚያው ነበር። የቀን ገደብ የምትዪው ይህን ነው? እንዲህ ከሆነ ባይኖረውም ይሻላል፤ ቢያንስ አያታልልም።

ሁለት ጊዜ ጻፍሽ፤ አንቀጽ ቆጠርሽ፣ አዋጅ ቆጠርሽ፣ የወንድሜን ልጅ ቆጠርሽ። ባንድ እግሯ ጫማ ስለመጣችው ልጅ ግን አንድ ቃል አላልሽም። እሷም የዚህ ግቢ ተማሪ ናት። የተነቀለ ሽቦ ተመልሶ ይሰካል።

እንዲያው ፓትሮሉ ይሂድልሽ እንበል። ማን ይምጣ? የግቢ ዘበኛ ከበሩ አሥር እርምጃ አይወጣም፣ «ከዚህ ወዲያ አይመለከተኝም» ነው የሚለው። ይህን ሁሉ ዓመት ከበሩ እስከ አስፋልት ያለው መንገድ የማን ነው ብዬ ስጠይቅ መልስ የሰጠኝ የለም። መጥቶ የቆመበት እነዚህ ብቻ ናቸው። ክፉም ይሁኑ ደግ፣ ቆመዋል።

ስለ አራት ኪሎ አልናገርም።

ተማሪዋ

ከበሩ እስከ አስፋልት የመንገድ መብራት ምሰሶ ሰባት ነው፤ ቆጥሬዋለሁ። የሚበራው ሁለት ነው፣ ከሁለቱም አንዱ ብልጭ ድርግም ይላል። ሌላው ብርሃን የእርስዎ ሱቅ አምፖል ነው። ለፒካፑ የሚቀዳው ነዳጅ አምስት አምፖል አይገዛም ብለው የሚከራከሩኝ ከሆነ፣ ሒሳቡን እዚሁ ግድግዳ ላይ እሠራልዎታለሁ፤ ኤሌክትሪካል ነኝ። ሌባው የሚቆመው አራተኛውና አምስተኛው ምሰሶ መሃል እንደሆነ እርስዎም ያውቃሉ፣ እኔም አውቃለሁ፣ ፒካፑም ያውቃል።

መብራት ይምጣ፣ በሩ ላይ የሚቆመው ደረቱ ላይ ስም ይለጥፍ፣ ከዚያ ፌዴራልም ይሁን የፈለገው ይሁን ቦርሳዬን ከፍቼ አሳየዋለሁ። (እዚህ ላይ የክበቡ አዘጋጅ «ርዕሱ ይህ ነው ወይ?» ብሎኛል። አይደለም መሰለኝ።)

እስከ 3 ሰዓት እከፍታለሁ ብለዋል። ባለፈው ሐሙስ 2 ሰዓት ላይ ሳልፍ ቆርቆሮው ተዘግቶ፣ አምፖሉም ጠፍቶ ነበር። ያን ሁሉ መንገድ በስልኬ ብርሃን ነው የሄድኩት።

ባለሱቁ

ሐሙስ ለቅሶ ቤት ነበርኩ። ዛሬ ክፍት ነው።