ባትሪዎቻችንን የምንገድላቸው እኛው ነን

የአገሬ ሰዎች፣ ስሙኝ። ከደጀን እስከ ዳንግላ የማንም ቤት ብትገቡ አንድ የሞተ ባትሪ አይጠፋም። አልጋ ሥር አለ፣ ቆጥ ላይ አለ፣ ጓሮም ተጥሏል። ሁላችንም «ሸወዱን፣ ዕቃው የማይረባ ነው» እንላለን። መሸወዱም አይቀርም። አብዛኛውን የገደልነው ግን እኛው ነን።

ባለፈው ክረምት ደብረ ማርቆስ አጠገብ አክስቴ ቤት አደርኩ። የሶላሩ ባትሪ ምድጃው ጥግ ተቀምጧል። ጎኑን ብነካው ይፋጃል። ሽቦው የታሰረበት ጫፍ ላይ ነጭ ዱቄት ጋግሯል። ማታ መብራቱ ድክም እስኪል ቴሌቪዥን ታየበት። በማግስቱ ዝናብ ሆነ፤ ባትሪው ባዶውን ሦስት ቀን ከረመ። «ገና ሁለት ዓመቱ እኮ ነው ልጄ፣ ምን ነካው?» አለችኝ።

የነካው ይኸው ነው። የዚህ ባለ 12 ቮልት ባትሪ ውስጡ እርሳስ የሚባለው ብረትና አሲድ ነው። ባዶውን ሲከርም እርሳሱ ላይ ቅርፊት ይሠራል፤ ከቆየ አይለቅም። በወጉ ቢያዝ ከ3 እስከ 5 ዓመት የሚያገለግለው ባትሪ በአንድ ክረምት ይሞታል። መብራቱ ሳይደክም ቴሌቪዥኑን አጥፉ። ከምድጃውም አርቁት፤ ሙቀት የማንኛውንም ባትሪ ዕድሜ ይበላል።

የስልኩና የፓወር ባንኩ ባትሪ፣ ሊቲየም የሚባለው፣ ግን ጠባዩ ሌላ ነው። እሱን የሚያስረጀው ሙሉ ሆኖ ሙቀት ላይ መዋል ነው። ለወራት የማትነኩት ከሆነ ግማሽ ያህል ሞልታችሁ ቀዝቀዝ ያለ ቦታ አስቀምጡት። ካበጠ ግን አበቃ። ድንጋይ ጭኖ «ይስተካከላል» ማለት ምን ይሉታል? ያሳበጠው ጋዝ ነው፤ ከተበሳ እሳት ይነሳል።

እኔን ከሁሉ በላይ የሚያንገበግበኝ ከሞተ በኋላ የምናደርገው ነው። ልጆች ሳለን የባትሪ ድንጋይ ፈልጠን፣ ጥቁሩን ከቅጠል ጋር ወቅጠን ሰሌዳ እንቀባ ነበር። ዛሬ ልጆቻችን በዚያው እጅ የሶላሩን ባትሪ ሲፈለፍሉ ዝም ብለን እናያለን። እንዴት ዝም ይባላል? እርሳስ የልጅን አእምሮ ይጎዳል፤ «ትንሽ ነው፣ ምንም አይል» የሚባል መጠን የለውም። አሲዱን ጓሮ ደፍተን እዚያው ጎመን እንተክላለን። ለከብቱስ ማን አሰበ? ላም የተሰበረ ባትሪ ካገኘች ትልሳለች። እርሳሱ ሲገባባት ዓይኗ ይጠፋል፣ ትንገዳገዳለች፣ ትሞታለች። እኛም ቡዳ በላት እንላለን።

ስለዚህ አትስበሩት፣ አትድፉት፣ አታቃጥሉት። ልጅና ከብት የማይደርስበት ቦታ አቁማችሁ አስቀምጡት። ለገበያ ስትወጡ እንዳለ ይዛችሁ፣ አሮጌ ባትሪ ለሚገዙት አስረክቡ። እኔ አክስቴ ጓሮ ውስጥ ሁለት አግኝቻለሁ። አንዱ ጎኑ ተሰንጥቋል፤ የጥጃዋ ችካል የተተከለው ከሱ ሁለት ክንድ እንኳ ሳይርቅ ነበር። ዛሬ ሳይመሽ የየራሳችሁን ጓሮ ዞራችሁ እዩ።