ክብር ለአሰላለፍ አውጪዎቻችን

ዓርብ ማታ ከሜክሲኮ ወደ አየር ጤና በሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ ረዳቱ መልሴን ሳይሰጠኝ ቀረ። ሰውየው ሌባ አይደለም። ሥራ በዝቶበት ነው። ከኋላ ወንበር ከተቀመጠ ጎልማሳ ጋር የአርሰናልን የነገ አሰላለፍ እያወጣ ነበር። «መልስ!» ስለው ዞር እንኳን ሳይል በእጁ «ቆይ» አለኝ። ግራ ተመላላሹ ገና አልተመረጠማ! እኔም ገባኝ። የለንደን ክለብ ያለ ግራ ተመላላሽ ሜዳ ከሚገባ እኔ ያለ መልስ ቤቴ ብገባ ይሻላል።

እነዚህን ሰዎች እናንተም ታውቋቸዋላችሁ። ባንክ ቤት መስኮት ጀርባ አሉ። ፀጉር ቤት ምላጭ ይዘው አንገታችሁ ላይ አሉ። አማት ቤት ምሳ ላይ አሉ። እስካሁን ግን ማንም ወግ ባለው መንገድ አላመሰገናቸውም። ዛሬ እኔ ላመስግን።

መጀመሪያ ትጋታቸውን ተመልከቱ። ደሞዝ የላቸውም። ውል የላቸውም። ከክለቡ ጋር የሚያገናኛቸው ማልያው ብቻ ነው፤ እሱም ከመርካቶ ተከራክረው የገዙት። አሰልጣኙ ከልምምድ በኋላ ቤቱ ገብቶ ይተኛል። የእኛ ሰው ግን ጀሞ ላይ እኩለ ሌሊት አልፎ «የመሀል አማካዩ ረቡዕም ተጫውቷል፣ ቅዳሜ ይደክመዋል» እያለ ይገላበጣል። ሚስቱ ደክሟት አጠገቡ ተኝታለች። ስለ እሷ ድካም መረጃ የለውም።

ሕክምናም ያውቃሉ። አሰልጣኙ ሐኪም አለው፣ ማሽን አለው፣ የላብ መለኪያ ሳይቀር አለው። የእኛዎቹ ተጫዋቹ ከአውቶቡስ ሲወርድ የሚያሳይ አጭር ቪዲዮ ይበቃቸዋል። «አየኸው? ቀኝ እግሩን ሳብ አደረገ። ታፋው ነው። ሦስት ሳምንት።» አለቀ። የራሱ ልጅ ሳምንት ሙሉ ሲያነክስ «ጫማ ጠቦት ነው» ያለው ይኸው ሰው ነው።

ቸርነታቸውስ! በፕሪሚየር ሊጉ ደንብ አንድ አሰልጣኝ በአንድ ጨዋታ የሚቀይረው 5 ተጫዋች ነው። የእኛ ሰው በአንድ ማኪያቶ 14 ይቀይራል። ማኪያቶውን የከፈልኩት ደግሞ እኔ ነኝ።

ከሁሉም በላይ ልቤን የነካው ግን በቅርቡ ለቅሶ ቤት ያየሁት ነው። ድንኳን ውስጥ ነን። ንፍሮ በትሪ ዞረ። አጠገቤ የተቀመጠው ሰው አንድ ጭብጥ ዘግኖ አፉ ውስጥ ሊከተው ነው ስል ሳህን ላይ ፈሰስ አደረገውና በጣቱ ይለይ ጀመር። ባቄላዋን ወደ ታች ሳባት፤ በረኛ ናት። አራት ሽምብራ ከፊቷ ደረደረ። መሀል ላይ ሦስት ስንዴ፣ ፊት ደግሞ ሦስት ስንዴ፣ ቀጠን ቀጠን ያሉትን መርጦ። 4-3-3 ሆነ። ከወዲያ በኩል ያለው ሰውዬ አንገቱን አስግጎ አየና «ሽምብራ ለመሀል ተከላካይ አይሆንም» አለ። «ለምን?» «ይከብዳል። ከጀርባው ኳስ ከተጣለ ዞሮ አይደርስም።» ይህ እውነት ነው፤ ሽምብራ ከጀርባው ኳስ ሲጣል ዞሮ የደረሰበት ጊዜ ትዝ አይለኝም።

ክርክሩ በሹክሹክታ ቀጠለ። ለቅሶ ነዋ! አንዱ ሽምብራ ተነስቶ በሁለት ስንዴ ተተካ፤ ቡድኑ 12 ሆነ፤ ማንም አላስተዋለም። ከኋላ የነበረ ወጣት ሐሳቡ ሌላ ቦታ ሆኖ እጁን ሰደደና ቀኝ ክንፉን በላው። «ምን አደረግክ!» «ይቅርታ፣ ተቀያሪ አለ?» ተቀያሪ ከትሪው ተጠራ። የተጠራው ግን ብስል ያላለ፣ ድርቅ ያለ ስንዴ ነበር፤ «ይሄ ገና ከጉዳት መመለሱ ነው፣ 60 ደቂቃ ነው የሚችለው» ተባለ። ይሄኔ የሟቹ ወንድም ሊያስተናግድ መጣ። ዓይኑ ቀልቷል። ሳህኑን አየ። ዝም አለ። ሁላችንም አፈርን። ከዚያ ጎንበስ ብሎ፣ በዚያ በተዘጋ ድምፁ፣ «እሱ ነፍሱን ይማረውና፣ በሦስት ተከላካይ ነበር የሚያምነው» አለ። ለሟች ክብር ሲባል በሦስት ተከላካይ ተሠራ።

ካህኑ ጸሎት ጀመሩ። ተነሳን። ሰውዬው አንድ ዓይኑን ጨፍኖ በሌላው ሳህኑን ይጠብቃል። አንዲት እናት ሳህን እየሰበሰቡ መጡና ዝንቅ አድርገው ሊያነሱበት ሲሉ እጃቸውን ያዘ። «እማማ፣ በእመቤቴ፣ አማካዩን አይንኩብኝ።» እሳቸው አንዴ እሱን፣ አንዴ የተደረደረውን እህል አዩ። እንባቸው መጣ። «አይዞህ ልጄ፣ ሐዘን እንዲህ ያደርጋል» ብለው ራሱን ዳበሱት። እሱም አንገቱን ደፍቶ ተዳበሰ። እሳቸው ዞር ከማለታቸው ግራ ክንፉን አንድ ጣት ወደ ውስጥ አስገባው።

እንዲህ ያለ ሰው የት ይገኛል?

የኤፍ ኤም ተንታኞቹን መዝለል ግፍ ነው። ከሰዓት በኋላ ሁለት ሰዓት ሙሉ አሰላለፉን ከበረኛ ጀምረው ይተነትኑልናል። «ቡድኑ በወረቀት ላይ ጠንካራ ነው። ሆኖም ኳስ ድቡልቡል ናት። ካሸነፉ ሦስት ነጥብ ይዘው ይወጣሉ።» ይህን ሳልሰማ ብውል ኖሮ ሲያሸንፉ ስንት ነጥብ እንደሚያገኙ እንደተጨነቅኩ አመሽ ነበር። ትክክለኛው አሰላለፍ ጨዋታው ሊጀመር አንድ ሰዓት ገደማ ሲቀረው በነፃ እንደሚወጣ አታስታውሷቸው። ነውር ነው።

በወረቀት ላይ ስንል፣ አንድ ነገር ልናገር።

ሰኔ 1 ቀን 2005 ዓ.ም. ዋልያዎቹ ለብራዚሉ የዓለም ዋንጫ ማጣሪያ ቦትስዋናን ከሜዳቸው ውጭ 2 ለ 1 አሸነፉ። ሰኔ 9 ደግሞ አዲስ አበባ ላይ ደቡብ አፍሪካን በዚያው ውጤት ረቱ። አገሩ በየመንገዱ ጨፈረ። ወዲያው ከፊፋ ወሬ መጣ። ከዚያ በፊት በነበሩ ጨዋታዎች ሁለት ቢጫ ካርድ ያየ፣ በቅጣት መቅረት የነበረበት ተጫዋች በቦትስዋናው ጨዋታ ተሰልፏል። ሜዳ ላይ በላብ ያሸነፍነው ጨዋታ በወረቀት 3 ለ 0 ሽንፈት ሆነ። ሦስት ነጥብ ሄደ።

ያን ሳምንት አሰላለፍ ያላወጣ ኢትዮጵያዊ ነበር? በየካፌው፣ በየሬዲዮው፣ በየቢሮው ማን ይግባ ማን ይውጣ ስንል ሰንብተናል። ማን ፈጣን እንደሆነ፣ ማን ደካማ እንደሆነ እናውቅ ነበር። ካርድ የቆጠረ ግን አልነበረም። ደግሞ እኮ የሚቆጠረው ሁለት ነው። ሁለት! አንድ አገር ሙሉ ተንታኝ ይዞ ሁለት የሚቆጥር ሰው ይጠፋል? ይህን ሳስብ ዛሬም ያንገበግበኛል። እነዚያ ልጆች በኋላ ብራዛቪል ሄደው መካከለኛው አፍሪካን እንደገና 2 ለ 1 ባያሸንፉ ኖሮ ከናይጄሪያ ጋር የተጫወትነው የመጨረሻው ማጣሪያም አይኖርም ነበር። የወረቀት ስህተትን በእግር ከፈሉት።

ሌላም አለ። ሜዳዎቻችን የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽንን መስፈርት አያሟሉም ተብሎ ብሔራዊ ቡድናችን «የሜዳውን» ጨዋታ ሰው አገር እየሄደ ለዓመታት ተጫውቷል። ሰኔ 2 ቀን 2014 ዓ.ም. ባለሜዳ ተብለን ማላዊ ላይ፣ ሊሎንግዌ፣ ግብፅን 2 ለ 0 አሸነፍን። ግብፅን! የዚያን ቀን የተሰለፉትን 11 ጥራልኝ ብዬ አንዱን የአሰላለፍ ሊቅ ጠየቅኩት። ሦስት ላይ ቆመ። አራተኛ ብሎ የጠራው ጫማ ከሰቀለ ቆይቷል። የማንቸስተርን ተቀያሪ በረኛ የልደት ቀን ግን ሳልጠይቀው ነገረኝ።

ይቅርታ፣ ምስጋና ላይ ነበርኩ።

የመጨረሻውን ክብር ለ«ብዬ ነበር» ባዮች አቀርባለሁ። እነዚህ ተሳስተው አያውቁም፤ ዘዴያቸውም ቀላል ነው። ዓርብ ማታ ሦስት የተለያየ አሰላለፍ ለሦስት የተለያየ የቴሌግራም ግሩፕ ይልካሉ። ቅዳሜ ጨዋታው ሲያልቅ ከሦስቱ የቀረበውን ከፍተው «ሰዓቱን እይ፣ መቼ እንደላክሁት እይ» ይሏችኋል። ሁለቱ ተሰርዘዋል። ሦስቱም ከሳቱ ጥፋቱ የአሰልጣኙ ነው፤ «ሰውዬው ጨዋታ ማንበብ አይችልም።» ከተሸነፉ በኋላ ፊታቸው ላይ የሚታየው ሐዘን አይደለም። «ቢሰሙኝ ኖሮ» የሚል የተከፋ አማካሪ ፊት ነው። አሰልጣኙ ደውሎ ባለማማከሩ በእውነት ይገረማሉ። ስልካቸው ክፍት ነበር፤ ቻርጅም ነበረው።

ለማንኛውም ረቡዕ ማታ የአውሮፓ ጨዋታ አለ። ምክክሩ እሑድ ከቅዳሴ መልስ ይጀመራል፤ ሰኞና ማክሰኞ በሥራ ሰዓት ይቀጥላል። ማኅተም የምታስመቱ፣ ፊርማ የምትጠብቁ፣ መልስ ያልተሰጣችሁ ሐሙስ ኑ። ከተሸነፉ ግን ሐሙስም አትምጡ።