የሞተ ኮምፒውተር ለትምህርት ቤት መስጠት ልገሳ አይደለም

ክረምት በመጣ ቁጥር ጅማ ውስጥ አንዱ የወጣቶች ስብስብ ወይ አንዱ መስሪያ ቤት ይነሳና አሮጌ ኮምፒውተርና ስልክ ያላችሁ አምጡ፣ ለገጠር ትምህርት ቤት እንሰጣለን ይላል፣ ሰዉም አይሰስትም ያመጣል። ሀሳቡን እደግፋለሁ። ግን የሚመጣውን እቃ ቀረብ ብሎ ያየ ሰው ዝም ብሎ ማጨብጨብ ይከብደዋል፣ ሀርድ ዲስኩ ወጥቶ የተወሰደ ሲፒዩ አለ፣ ቻርጀሩ የት እንደገባ የማይታወቅ ላፕቶፕ አለ፣ ባትሪው አብጦ ጀርባውን የገነጠለ ታብሌት አለ፣ ከዛ ይሄ ሁሉ መኪና ላይ ይጫንና ዴዶ ወይ ሰቃ ይወርዳል፣ ፎቶ ይነሳል፣ ርእሰ መምህሩም ምን ይበል አመስግኖ ይቀበላል። በነጋታው እቃው ስቶር ገባ ማለት ነው። እኛ ቤታችንን አፀዳን፣ ትምህርት ቤቱ ደግሞ አንድ ክፍል አጣ።

ችግሩ ሰዉ ክፉ መሆኑ አይደለም። ችግሩ የምንሰጠው በጣም ዘግይተን መሆኑ ነው። እኛ ሀገር ኤሌክትሮኒክስ አይጣልም፣ ቁምሳጥን ላይ ይወጣል፣ አልጋ ስር ይገባል፣ "አንድ ቀን ያስፈልግ ይሆናል" ይባላል፣ ያ አንድ ቀን ሳይመጣ እቃው እዛው ይሞታል። ጅማ ላይ ደግሞ ቶሎ ነው የሚሞተው፣ ዝናባችን እንደሌላው ሀገር ሁለት ወር ጥሎ የሚያልፍ አይደለም፣ ከበልግ ጀምሮ እስከ መስከረም ማለቂያ እርጥበቱ ቤት ውስጥ ነው። ቡና እንኳን እርጥብ ወለል ላይ ከተቀመጠ ይሻግታል አይደል፣ የኮምፒውተር ቦርድም እንደዛው ነው፣ ብረቱ ይዝጋል፣ የሚገናኙት ቦታዎች አረንጓዴ ነገር ያወጣሉ። ጠጋኞቹ ራም የሚባለውን ሚሞሪ ነቅለው በላጲስ ሲፈትጉት አይታችሁ ከሆነ ምክንያቱ እሱ ነው፣ ጫፉ ላይ የያዘውን ዝገት እያነሱ ነው፣ አንዳንዴ በዛ ብቻ ኮምፒውተሩ ይነሳል። ቦርዱ ራሱ ከተበላ ግን ላጲስ ምንም አያደርግለትም።

እዚሁ ጅማ መርካቶ አንድ የማውቀው ሞባይል ጠጋኝ ጠረጴዛው ስር ካርቶን ሙሉ የሞተ ስልክ አለው። ቆሻሻ ይመስላል ግን ሱቁን የያዘው እሱ ነው። አንዲት እናት ቻርጅ አልይዝ ያላትን ስልክ ይዛ ስትመጣ "አይዞሽ እናቴ፣ ትንሽ አረፍ በይ" ይላትና ካርቶኑን ይበረብራል፣ ተመሳሳይ ሞዴል ካገኘ በሙቀት ንፋስ የቻርጅ ሶኬቱን አላቆ የሷ ስልክ ላይ ይበይደዋል፣ ለአዲስ እቃ የምታወጣው ብር ተረፈላት ማለት ነው። ሪሳይክል ሪሳይክል ሲባል ሰው ትልቅ ፋብሪካ ነው የሚታየው፣ ጅማ ላይ ግን እውነተኛው ሪሳይክል ይሄ ካርቶን ነው። ስለዚህ ስክሪኑ የደቀቀ ስልክ ካላችሁ ለትምህርት ቤት አትስጡ፣ ለጠጋኝ ስጡ፣ ብትሸጡለትም ያው ነው፣ ብቻ ቤት አታስቀምጡት።

ለትምህርት ቤት የሚሆነው ገና እየሰራ ያለው ነው። አሁን ደግሞ ጊዜው ነው፣ ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን መደበኛ ድጋፍ ኦክቶበር 14 ቀን 2025 እ.ኤ.አ. አቁሟል፣ ዊንዶውስ 11 ደግሞ ቆየት ያለውን ኮምፒውተር በይፋ አይቀበልም፣ ፕሮሰሰሩ ኢንቴል ከሆነ በአብዛኛው ስምንተኛው ትውልድ ወይ ከዛ በላይ ይፈልጋል። በየቢሮው ጥሩ የሚሰራ ኮር አይ ስሪ ምናምን "አርጅቷል" እየተባለ ጥግ ሊይዝ ነው። ይሄ ኮምፒውተር አራት ጊጋ ራም ካለው በዊንዶውስ ፋንታ ሊኑክስ ሚንት የሚባለውን ሲስተም ጭናችሁበት ልጆች መፃፍም፣ ሂሳብ መስራትም፣ ታይፒንግ መለማመድም ይችላሉ፣ ላይሰንስ አይጠይቅም ነፃ ነው። የመንግስት መስሪያ ቤት ላይ ግን የንብረት ማስወገድ ኮሚቴ የሚባል ነገር አለ፣ ኮሚቴው እስኪሰበሰብ፣ ቃለ ጉባኤው እስኪፈረም፣ ከመዝገብ እስኪሰረዝ ኮምፒውተሩ ስቶር ውስጥ እርጥበት እየጠጣ ይቆያል። ሌባ እንዳይወስደው የተጠበቀ እቃ ዝገት ሲወስደው የሚጠየቅ ሰው የለም!

አንድ ትንሽ ነገር ልጨምር፣ ቀላል ትመስላለች ግን ብዙ ኮምፒውተር ያለ ጥፋቱ "ተበላሸ" የሚባለው በሷ ነው። ቦርዱ ላይ እንደ ሳንቲም ክብ የሆነች ባትሪ አለች፣ እሷ ካለቀች ኮምፒውተሩ ከሶኬት በተነቀለ ወይ መብራት በጠፋ ቁጥር ቀኑን ይረሳል፣ ሲበራ የድሮ አመተ ምህረት ያሳያል፣ ቀኑ ከተሳሳተ ደግሞ ብሮውዘሩ አብዛኛውን ድረ ገፅ አስተማማኝ አይደለም ብሎ አይከፍትም። መምህሩ ኢንተርኔቱ አይሰራም ብሎ ይተወዋል። ባትሪዋን መቀየር የደቂቃ ስራ ነው፣ ዋጋዋም ትንሽ ነው። የሚሰጥ ሰው ከመስጠቱ በፊት አብርቶ፣ ቀኑን አይቶ፣ ኪቦርድና ማውሱን አሟልቶ፣ የፓወር ገመዱን ሳይቀር ካርቶን ውስጥ ከቶ ቢሰጥ ግማሹ ስራ አለቀ።

ስልክ ስትሰጡ ደግሞ ፎቶ አጥፍቻለሁ ብሎ መስጠት አይበቃም። መጀመሪያ ሴቲንግ ገብታችሁ የጂሜይል አካውንታችሁን አውጡ፣ ከዛ ፋክተሪ ሪሴት አድርጉ፣ ሲምና ሚሞሪ ካርዱን ንቀሉ። አካውንቱን ሳታወጡ በበተኑ ተጭናችሁ ሪሴት ካደረጋችሁት ስልኩ ሲነሳ የድሮውን ጂሜይል ይጠይቃል፣ የተቀበለው ልጅ ደግሞ የናንተን ፓስወርድ ከየት ያመጣል? ብዙ ደህና ስልክ ጠጋኝ ቤት "ጂሜይል ሎክ" ተብሎ የሚመጣው በዚህ ነው። ቴሌግራም ላይም ስልኩ ከእጃችሁ ወጥቶ ከሆነ ከሌላ ስልክ ሴቲንግ ውስጥ ዲቫይስ የሚለው ጋ ገብታችሁ የድሮውን ማስወጣት ትችላላችሁ። የኮምፒውተር ፋይል ደግሞ ዲሊት ተደርጎ ሪሳይክል ቢን ባዶ ቢሆንም ሌላ ነገር እስኪፃፍበት ድረስ በነፃ ሶፍትዌር ሊመለስ ይችላል፣ በተለይ የመስሪያ ቤት ሰነድ የነበረበት ሀርድ ዲስክ ሙሉ በሙሉ ሌላ ነገር ተፅፎበት ይጥፋ።

አሁን ወደ ሞተው እንምጣ። ጅማ ላይ የሞተ ነገር ሁሉ መጨረሻው ቁራሌው ነው፣ እኔ ቁራሌውን የሚሰድብ ሰው አይገባኝም፣ ከሱ ውጪ በራችን ድረስ መጥቶ የሚሰበስብ የለማ። ጉዳዩ ከዛ በኋላ የሚሆነው ነው፣ ገመድ ሜዳ ላይ ይቃጠላል መዳቡ ይወጣል፣ የገመዱ ልባስ በአብዛኛው ፒቪሲ የሚባል ፕላስቲክ ነው ሲቃጠል ዳዮክሲን የሚባል መርዝ ያወጣል፣ ጭሱን መጀመሪያ የሚተነፍሰው ደግሞ አቃጣዩ ልጅ ራሱ ነው። ያ የድሮው ጀርባው ትልቅ ቲቪ መስታወቱ ውስጥ ብቻ ኪሎ የሚያልፍ ሊድ የሚባል መርዛማ ብረት ሊኖረው ይችላል፣ ልጆች ከኋላ የተጠቀለለውን መዳብ ሊያወጡ በድንጋይ ይሰብሩትና ስባሪውን ቦይ ውስጥ ይተዉታል። የጅማ ቦይ ወዴት እንደሚሄድ ደግሞ ሁላችንም እናውቃለን፣ ወደ አዌቱ ወንዝ፣ ከዛ ወደ ቦዬ ረግረግ፣ ከዛ ወደ ግልገል ጊቤ ወንዝ። ስልክ ውስጥ ወርቅ አለ ብለው በአሲድ ሊያወጡ የሚሞክሩም አሉ፣ እውነት ነው አለ፣ ግን አንድ ስልክ ውስጥ 0.03 ግራም አካባቢ ነው፣ አሲዱ ግን ሳንባ ይጨርሳል።

ያበጠ ባትሪ ቤት ውስጥ ያለው ሰው ዛሬውኑ ከቤት ያውጣው፣ አይብሱት፣ አይጫኑት፣ ፀሀይ ላይም አያስቀምጡት፣ ጫፎቹ ላይ ፕላስተር ለጥፎ ደረቅ አሸዋ ያለበት ቆርቆሮ ውስጥ ከልጆች እጅ አርቆ ማቆየት ነው። ባትሪ ድንጋይ ከሆነ እሳት የማስነሳት ነገሩ ያን ያህል አያሰጋም፣ እሱም ቢሆን ግን ምድጃ ውስጥ አይገባም።

እስከ መቼ ቆርቆሮ ውስጥ ይቆያል ለሚለው ግን መልሱ ከግለሰብ በላይ ነው። የተባበሩት መንግስታት ተቋማት በ2024 እ.ኤ.አ. ያወጡት ሪፖርት በ2022 አለም ላይ 62 ሚሊዮን ቶን የኤሌክትሮኒክስ ቆሻሻ እንደተፈጠረና በአግባቡ ተሰብስቦ ሪሳይክል መደረጉ የተመዘገበው 22.3 በመቶው ብቻ እንደሆነ ይናገራል፣ አፍሪካ ላይ ከ1 በመቶ በታች ነው። እኛ ጋ ህግ የለም እንዳይባል የሚኒስትሮች ምክር ቤት የኤሌክትሪክና ኤሌክትሮኒክስ ቆሻሻ ደንብ ቁጥር 425 በ2010 ዓ.ም ወጥቷል፣ አዲስ አበባም አቃቂ ላይ የኮምፒውተር መፍቻ ማእከል ተሰርቶ ነበር። ጅማ ላለ ሰው ግን አቃቂ 350 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል፣ አንድ ያበጠ ባትሪ ይዞ ማን ይሄዳል?

ስለዚህ የምጠይቀው ይሄን ነው፣ የጅማ ዩኒቨርሲቲ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ተማሪዎቹ በፕራክቲስ መልክ እየፈተሹ የሚሰራውን ለትምህርት ቤት፣ ለመለዋወጫ የሚሆነውን ለጠጋኞች፣ የሞተውን ለብቻ የሚለዩበት አንድ ቋሚ መቀበያ ይክፈት፣ ማዘጋጃ ቤቱ ደግሞ ጣሪያው የማያፈስ አንድ ኮንቴይነር ያስቀምጥ፣ ቁራሌዎቹም ቦርድና ባትሪ ሲያመጡ ሜዳ ላይ አቃጥለው ከሚያገኙት ያላነሰ ይከፈላቸው፣ አለበለዚያ አያመጡም። ትራንስፖርቱ እንዴት ይሆናል ለሚል፣ ከቡና ወቅት ውጪ እቃ አራግፎ ባዶውን ወደ አዲስ አበባ የሚመለስ አይሱዙ አይጠፋም፣ ሲሞላ በሱ መላክ ይቻላል።